በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የዓሣ ጫጩቶችን ስለ ማሳደግ

ሕይወት ያለውን ፍጥረት በቤት ማሳደግ ለልጆች ትልቅ ትምህርት መሆኑን የማያውቅ የለም። አባቶቻችን ልጆቻቸውን ጥጃ በማሰርና የዶሮ ጫጩት ከጭልፊት በመጠበቅ ኃላፊነትን ያስተምሯቸው ነበር። ዛሬ ግን በከተማ የሚኖረው ሰው ግቢው ጠባብ፣ ቤቱም ብዙ ጊዜ ፎቅ ላይ ስለ ሆነ፣ ጥጃውም ዶሮውም ቀርቶ በአንዳንድ ቤት አኳሪየም የሚባለው የመስተዋት ገንዳ በቦታቸው ገብቷል። ልጆችም በውስጡ የሚዋኙትን ባለ ቀለም ዓሦች እየተመለከቱ ይደሰታሉ።

ዓሦቹ በወለዱ ዕለት የቤቱ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ ከተወለዱት ጫጩቶች አብዛኞቹ ሞተው ይገኛሉ። ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ «ዕድሜያቸው ይኸው ነው» ወይም «በሽታ ገባባቸው» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። እኔም እንደዚሁ ሳስብ ከኖርሁ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ የሚገድላቸው ረኃብ ወይም ደዌ ሳይሆን፣ መጠን የሌለው ርኅራኄያችንና የውሃን ጠባይ አለማወቃችን መሆኑን በራሴ ጥፋት ተረዳሁ። የዓሣ ጫጩት ማሳደግ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ውሃውን መጠበቅ መማር አለበት። ይህም ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚሁ ነው።

በቤታችን የሆነው ነገር

ዘጠኝ ዓመት የሆናት ታናሺቱ ልጄ፣ ጋፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ተሰጥተዋት በእንግዳ መቀበያው ክፍል በመስተዋት ገንዳ ታኖራቸው ነበር። አንድ ቀን ማለዳ «አባባ፤ ወለደች! ወለደች!» እያለች ከመኝታዬ ቀሰቀሰችኝ። ብንቈጥራቸው 34 ሆኑ። እናቲቱ እንዳትበላቸው ብለን ጫጩቶቹን በትንሽ ኩባያ እየጨለፍን ለብቻቸው ወደ ተዘጋጀ ዕቃ አዛወርናቸው። ልጄ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ፈርፍራ ሰጠቻቸው። ማታም ከመተኛቷ በፊት «ሌሊት እንዳይርባቸው» ብላ እንደ ገና ጨመረችላቸው። በማግሥቱ ውሃው እንደ አጓት ደፍርሶ፣ ከ34ቱ 13ቱ ብቻ በሕይወት ተገኙ።

እኔም ይህን ባየሁ ጊዜ ዐዋቂ መስዬ «የገደላቸው ቆሻሻ ነው» አልሁ። ወዲያውም ዕቃውን ፈግፍጌ፣ የውሃ ማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ሥር እስኪነጣ ድረስ ዐጥቤ፣ ከቧንቧው በቀጥታ የተቀዳ አዲስ ውሃ ሞላሁበት። ውሃው ኵልል ብሎ ጠራ፤ በሥራዬም ደስ ብሎኝ ወደ ቢሮዬ ሄድሁ። ማታ ስመለስ ግን የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ልጄ ከዕቃው አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ ቈይታ፣ «አባባ፤ እኔ ነኝ የገደልኋቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱ ከብዶኝ ጥቂት ዝም አልሁ። ኋላ ግን ነገሩን ጠይቄና አንብቤ በተረዳሁ ጊዜ እውነቱን ሳልሸሽግ ነገርኋት፤ 21ዱ የሞቱት ከመጠን ባለፈ ምግብ ነው፤ 11ዱን ግን የገደልኋቸው እኔ ነኝ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ምሳሌ ለእኔ የተነገረ ያህል ሆነ። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ አብረን ለመማር ተነሣን። የተማርነውንም ከዚህ ቀጥሎ እንደ ቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ።

ስለ ዓሣው ዘርና ስለ ልደቱ

የጋፒ ዓሣ የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍልና በአጠገቡ ያለው የትሪኒዳድ ደሴት ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ዊልሄልም ፔተርስ በ1859 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) ከቬኔዙዌላ የተገኘውን ዓሣ መርምሮ ስም አወጣለት። በ1866 ዓ.ም. ደግሞ በትሪኒዳድ ይኖር የነበረው ሮበርት ጋፒ ወደ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም የላከውን ዓሣ አልበርት ጉንተር ተመልክቶ በላኪው ስም ጠራው። በሊቃውንት ዘንድ የጸናው የፔተርስ ስያሜ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ዓሣውን ጋፒ ይለዋል።

አብዛኞቹ ዓሦች እንቁላል ሲጥሉ፣ ጋፒ ግን መዋኘት የሚችሉ ሕያዋን ጫጩቶችን ይወልዳል። እናቲቱ የምታረግዘው አራት ሳምንት ያህል ነው። ሆዷ ሲሰፋና ከሆዷ በታች በስተኋላ ያለው ጥቍር ነጥብ ሲጐላ መውለጃዋ መቃረቡ ይታወቃል። ወጣቷ እናት ጥቂት ጫጩቶች ብቻ ስትወልድ፣ ትልቋ ግን ከ50 በላይ ልትወልድ ትችላለች። የወንዱንም ዘር በሆዷ ለብዙ ወራት ጠብቃ ስለምታቈይ፣ ወንድ ሳይጠጋት ደጋግማ መውለድ ትችላለች። ስለዚህ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ዓሣ ወለደች ብሎ የሚደነቅ አይኑር።

ጫጩቱ ሲወለድ ርዝመቱ 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። እናቲቱ ልጆቿን ከሌላ ምግብ ለይታ ስለማታውቅ ያገኘችውን ትበላለች፤ ሌሎቹም ዓሦች እንደዚሁ ያደርጋሉ። ለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ቅጠላቸው እንደ ፀጉር የረቀቀ የውሃ ተክሎችን በገንዳው ውስጥ አብዝቶ ማኖር ነው፤ ጫጩቶቹ በዚያ ውስጥ ይሸሸጋሉና። እናቲቱን አስቀድሞ ይዞ በጠባብ ዕቃ መዝጋት ግን ስለሚያስጨንቃት አይመረጥም። ጫጩቶቹ ከተወለዱ በኋላ በኩባያ ከነውሃው እየጨለፉ ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ይሻላል። በመረብ ማውጣት ለስላሳ ሰውነታቸውን ሊጐዳ ይችላልና። ለ30 ጫጩቶች ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃቸዋል።

ስለ ምግባቸው

የጫጩቱ ሆድ ከዓይኑ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት አይችልም፤ ቶሎ ስለሚያድግ ደግሞ ብዙ ጊዜ መብላት ያስፈልገዋል። ደንቡ ጥቂት በጥቂት፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ መስጠት ነው። የተሰጠውም በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ወለል ላይ የተረፈ ምግብ ከታየ፣ የሰጪው እጅ በዝቷልና በሚቀጥለው ጊዜ ይቀንስ። የተረፈውንም ሳይበሰብስ ማውጣት ያስፈልጋል። ጫጩቶቹ ብርሃን በሌለበት ሌሊት መብላት አያስፈልጋቸውም።

ለዓሣ የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ በጣት መካከል እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ አሽቶ መስጠት ይቻላል። የእንቁላል አስኳል መስጠት የሚፈልግ ሰው ከጤፍ ቅንጣት ባልበለጠ መጠን ወስዶ፣ በቀጭን ጨርቅ አጥልሎ፣ በጠብታ ብቻ ይስጥ። አስኳል ውሃን ከሚያበላሹት ምግቦች ሁሉ የፈጠነ ነውና።

ከምግብ ሁሉ የሚመረጠው ግን አርቴሚያ የምትባል በጨው ሐይቅ የምትኖር ደቃቅ ፍጥረት ናት። በ1933 ዓ.ም. አሜሪካዊው አልቪን ሲል፣ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌጂያዊው ጉናር ሮለፍሰን፣ አዲስ የተፈለፈለች አርቴሚያ ለዓሣ ጫጩቶች እጅግ የምትስማማ ምግብ መሆኗን ገለጡ። እንቁላሏ ደርቆ በቆርቆሮ ታሽጎ ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቈያል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው አሟሙቶ፣ ጥቂት እንቁላል ጨምሮ፣ ሙቀቱን ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርጎ፣ በአየር መንፊያ እያናፈሱ ቢያቈዩት፣ አንድ ቀን ያህል ሲሆነው ይፈለፈላል። አየሩን አቁመው ጥቂት ቢታገሡ ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ የተፈለፈሉት ከታች ይቀራሉ። እነዚህን በቀጭን ቱቦ ቀድቶ፣ በወንፊት ጨርቅ አጥልሎ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ መስጠት ነው። ቀለማቸው ብርቱካን ስለ ሆነ፣ የበላው ጫጩት ሆዱ ቀልቶ ከውጭ ይታያል፤ ልጆችም የጠገበውንና ያልጠገበውን በዓይናቸው ለይተው ያውቃሉ። በጨው አልባ ውሃ ግን ከጥቂት ሰዓት በላይ ስለማይኖሩ፣ ከሚበላው አብልጦ መስጠት እዚህም ጉዳት ነው።

ስለ ውሃው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጠርቶ የሚታይ ውሃ ሁሉ ጤናማ አይደለም። ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥቡና በኵሱ በኩል አሞኒያ የሚባል ነገር ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ ያወጣል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ጥቂቱ እንኳ ስንጥቡን እያቃጠለ ጫጩትን ይገድላል። በወንዝ ውስጥ ውሃው ብዙ ስለ ሆነና ስለሚፈስስ ይህ መርዝ ይበተናል። በገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው ከራሱ ጕድፍ ጋር ተዘግቶ ይኖራል።

የዚህ ነገር ምስጢር የተገለጠው አባትና ልጅ ተከታትለው በሠሩት ሥራ መሆኑ ለቤተ ሰብ ገጽ የሚገባ ታሪክ ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የለንደን ኬሚስት ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ አኖረና ያየውን በ1850 ዓ.ም. ጽፎ አወጣ። ተክሉ ለዓሦቹ አየር ቢሰጣቸውም፣ የተክሉ ቅጠል ሲበሰብስ ውሃው መበላሸት ጀመረ። ስለዚህ የበሰበሰውን የሚበሉ የውሃ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረበት፤ ውሃውም ተስተካከለ። በኋላ ስሙን የወረሰው ልጁ ሮበርት ዋሪንግተን በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሠርቶ፣ አሞኒያ በደቃቃን ሕያዋን አማካይነት በሁለት ደረጃ እንደሚለወጥ አሳየ። ሩሲያዊው ሰርጌይ ዊኖግራድስኪም በ1890 ዓ.ም. ይህን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ለይቶ አወጣቸው።

የሥራቸውም ሥርዐት እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ይህም ገና መርዝ ነው። ሁለተኞቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ይህ የመጨረሻው ጕዳቱ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ተክል ይመገበዋል፤ የቀረውም ውሃ ሲለወጥ ይወጣል። እነዚህ የማይታዩ ሠራተኞች የሚኖሩት በአብዛኛው በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስተዋቱ ገጽ ላይ ተጣብቀው ነው። በአዲስ ገንዳም በቂ ሆነው እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

አንባቢ የእኔን ጥፋት ከዚህ ይረዳዋል። ልጄ ምግብ ባበዛች ጊዜ መርዙ በዛ፤ እኔ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ባጠብሁ ጊዜ ደግሞ መርዙን የሚያጠፉትን ሠራተኞች ገደልኋቸው። በከተማ ቧንቧ ውስጥ ለሰው ጤና ሲባል የሚጨመረው ክሎሪን ለእኛ ጠባቂ ሲሆን፣ ለባክቴሪያዎቹና ለዓሣው ስንጥብ ግን ጠላት ነው። ከዚህም ሌላ ከቧንቧ የተቀዳው ውሃ ቀዝቃዛ ስለ ነበረ፣ የተረፉት ጫጩቶች በድንገት ከሙቀት ወደ ብርድ ገቡ።

ስለዚህ የሚከተለው ይጠበቅ። አንደኛ፤ የጫጩቶቹ ገንዳ ከመወለዳቸው በፊት ይዘጋጅ፤ ስፖንጁም ቀደም ብሎ ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ ይቈይና ከነባክቴሪያዎቹ ይዛወር። ማጣሪያው በአየር ግፊት የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ይሁን፤ ኃይለኛው ማጣሪያ ጫጩቶቹን ስቦ ይውጣቸዋልና። ሁለተኛ፤ ውሃው በሙሉ በአንድ ጊዜ አይለወጥ፤ ከአሥር እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ በየሁለት ቀኑ ይለወጥ። የሚቀዳበት ቱቦ ጫፉ በቀጭን ጨርቅ ይታሰር። ሦስተኛ፤ የሚጨመረው ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ መድኃኒት ይግባበት። ክሎሪን ብቻ ያለበት ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ አንድ ቀን ቢያድር ክሎሪኑ ይተንናል፤ ክሎራሚን የተባለው ግን በማሳደር አይጠፋም። አራተኛ፤ ስፖንጁ ሲቈሽሽ ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ይደረግ እንጂ እስኪነጣ አይታጠብ። አምስተኛ፤ አሞኒያና ናይትራይት መኖራቸውን በቀለም የሚያሳየው መመርመሪያ ይገዛ፤ ሁለቱም ዜሮ ሊሆኑ ይገባል።

ስለ ሙቀት፤ ጋፒ የቈላ ዓሣ ስለ ሆነ ለጫጩቶቹ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማቸዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለው ደጋ አገር ግን ሌሊት ውሃው ስለሚበርድ፣ ሙቀትን ራሱ የሚቈጣጠር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ መሸፈን፣ መብራቱ እስኪመለስም ምግብ አለመስጠት፣ ውሃውንም አልፎ አልፎ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ በዝግታ መመለስ ይጠቅማል፤ በዚህ ምክንያት አየር ይገባበታልና።

ሲያድጉ የሚደረገው

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው ወንዱና ሴቷ መለየት ይጀምራሉ። የወንዱ የታችኛው ክንፍ እየጠበበ እንደ ወስፌ ይሾላል፤ ቀለሙም ይወጣል። የሴቷ ክንፍ ግን እንደ ማራገቢያ ሰፊ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ወንዶቹንና ሴቶቹን በየገንዳው መለየት ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ ጥቂት ወራት ሳይቈይ ገንዳው ሊሸከም የማይችለው ትውልድ ይሞላዋል። የተትረፈረፉትንም ለሚያሳድግ ወዳጅ መስጠት ነው እንጂ፣ «ነጻ ላውጣቸው» ብሎ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መጣል ከቶ አይገባም። ጋፒ በብዙ አገር በዚህ መንገድና ለወባ ትንኝ መከላከያ ተብሎ ተለቆ ከትውልድ አገሩ ውጭ ተራብቷል፤ በአንዳንዱም ስፍራ የአገሬውን ዓሣ ጐድቷል።

ከዚህ ሁሉ ጋር መዝገብ መያዝ እጅግ ይረዳል። ልጄ በአንድ ደብተር ላይ የተወለዱበትን ቀን፣ ቍጥራቸውን፣ ምግብ የተሰጠበትን ሰዓት፣ ውሃ የተለወጠበትን ዕለትና የሞቱትን እየጻፈች ትይዛለች። መዝገብ ያለው ሰው ጥፋቱ የት እንደ ደረሰ አይጠፋውም፤ የምግብ ሰዓትም በሁለት ሰው እጅ አይደገምም።

ሁለተኛው ልደት በሆነ ጊዜ በደብተሩ 41 ጫጩቶች ተጻፉ። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ 36ቱ በሕይወት ነበሩ። አንድ ማታ ታላቅ ወንድሟ አዝኖላቸው የምግቡን ዕቃ ሊከፍት ሲል፣ ልጄ እጁን ይዛ «ይብቃቸው፤ ጠዋት ይበላሉ» ስትለው ሰማሁ። እኔም ከመቀመጫዬ ሳልነሣ ዝም አልሁ፤ ያን ቀን ጠይቃኝ የነበረውንም ጥያቄ አሰብሁ።

ስለዚህ የቤቱ አባወራና እመቤት ለልጆቻቸው ዓሣ ሲገዙላቸው፣ ከዓሣው አስቀድመው ገንዳውን፣ ስፖንጁንና ደብተሩን እንዲያዘጋጁ አሳስባለሁ። ጫጩቶች የሞቱባቸው እንደ ሆነም ልጁን ከመውቀስ በፊት ውሃውን ይመርምሩ። ጥፋቱ የራሳቸው ሆኖ ቢያገኙት ደግሞ ለልጃቸው ይንገሩት፤ ያን ጊዜ ልጁ ያለ ፍርሃት ሁለተኛ ይሞክራል።